ከሚችለው እንጀምር
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ተማሪ ቤት ሳለን ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውን፥ መምህሩም የማይጠይቁትን ልጅ ሁላችንም እናስታውሳለን። እኛ ከክፍል ወደ ክፍል ስናልፍ እርሱ ቀረ፤ በኋላም ጠፋ። «አይገባውም» ተብሎ ተፈርዶበት ነበር። እኛም ከሳቁበት ጋራ ስቀናል። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለዚሁ ልጅ ነው።

አእምሯቸው ዘግይቶ የሚያድግ ሕፃናት መማር መቻላቸው ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። እ. ኤ. አ. በ1900 ዓ. ም. ገደማ ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ በሮማ ከተማ እንዲህ ያሉትን ልጆች ታስተምር ነበር። የፈረንሳዮቹን የኢታርንና የሴጌንን ሥራ መርምራ፥ ልጆቹ ፊደልን በዓይን ከማየት አልፈው በጣታቸው እንዲዳስሱት አደረገች። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ማንበብና መጻፍ ተምረው ከሌሎች ልጆች ጋራ ተፈትነው አለፉ። ሰው ሁሉ ይህን ሲያደንቅ፥ እርሷ ግን የጤነኞቹ ልጆች ትምህርት ከዚህ ያልበለጠው ለምን እንደ ሆነ ጠየቀች። እ. ኤ. አ. በ1907 ዓ. ም. የከፈተችው የሕፃናት ቤት የዚህ ጥያቄ ፍሬ ነው።

ዘዴው ልጁ ከሚችለው ተነሥቶ ሥራውን መከፋፈል ነው። ሸሚዝ መቈለፍ ላቃተው ልጅ ቍልፉን ከቀዳዳው አስገብተን፥ የመጨረሻዋን መሳብ ብቻ ለእርሱ እንተውለታለን። ይህን ሲለምድ ከእርሱ በፊት ያለውን እንጨምርለታለን። ስለዚህ ሁልጊዜ ሥራውን የሚፈጽመው ልጁ ራሱ ነው። ፊደልም እንደዚሁ ነው። ሀሁን በዜማ የሚወርድ ልጅ «መ»ን ለብቻዋ ቢያሳዩት ላያውቃት ይችላል። ከብርጭቆ ወረቀት ቈርጠን ብናስዳስሰው ግን አንዲቱን ፊደል የራሱ ያደርጋል።

«ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚለን አይጠፋም። ከባድ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የቀደመው ልጅ የዘገየውን ቢያግዝ ሁለቱም ይማራሉ። አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ. ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ይጨምራል። በወረቀት ያለውን በክፍል ውስጥ የሚፈጽመው መምህሩ ነው፤ ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን ነገ መምህራን ነን።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንል ሕዝብ ለእንቁላል የሰጠነውን ጊዜ ለገዛ ልጃችን መንፈግ አይገባንም። ክፍል በተረከብን ቀን አስቀድመን የኋላውን ወንበር እንመልከት።