በዐቢይ ቀመር ውስጥ ስላለው ቍጥር፤ በጉለሌ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ስለ አንድ ትልቅ ሙሉ ቍጥር ጠባይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ምሳሌ ከሩቅ አገር ከመዋስ ይልቅ ከራሳችን ባሕረ ሐሳብ 194313ን መረጥሁ። በግእዝ አኃዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል። ይህም የዐቢይ ቀመር፣ ማለትም የ532 ዓመት ቀኖች ድምር ነው።

ቍጥሩ ሲተነተን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። አራቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቍጥሮች ናቸው። ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ቢደመሩ 118007 ብቻ ስለሚሆኑ፣ በጥንት ግሪኮች አመዳደብ ከጐደሎዎቹ ወገን ነው። በዚሁ አመዳደብ 28 ፍጹም ቍጥር ይባላል፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7ና 14 ተደምረው ራሱን ይሰጣሉና። 28 የፀሐይ ዑደት ዓመታት ቍጥር መሆኑን አይቶ ምሥጢር የሚፈልግ አይጠፋም። እኔ ግን ምክንያቱ ከዚህ የቀለለ ይመስለኛል።

አራት ዓመት 1461 ቀን ነው። ይህ ለሰባት ሲካፈል አምስት ይተርፋል፤ ስለዚህ ዕለታት ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ሰባት ጊዜ አራት ዓመት፣ ይኸውም 28 ዓመት ሲሞላ ነው። የጨረቃ ስሌት ደግሞ በ19 ዓመት ይመለሳል። 28ና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ አብረው የሚገናኙት በ532 ዓመት ብቻ ነው። 487ም ከሌላ ስፍራ የመጣ አይደለም፤ 1461 የ3ና የ487 ብዜት ስለ ሆነ ነው።

በ2017 ዓ.ም. እንፈትነው። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 69 ይተርፋል፤ የዐሥራ አምስተኛው ቀመር 69ኛ ዓመት ነው ማለት ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ይወጣል፤ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ዋለ። በአፄ እስክንድር ዘመን፣ በ1485 ዓ.ም.፣ በዚያው ቀን ውሎ ነበር፤ በ2549 ዓ.ም.ም በስሌቱ በዚያው ቀን ይውላል። በጎርጎርዮስ አቈጣጠር የ400 ዓመት 146097 ቀኖች ለሰባት ያለ ትርፍ ቢካፈሉም፣ የፋሲካው ሠንጠረዥ ከነሙሉ ሥርዐቱ የሚደገመው በ5700000 ዓመት ነው። የእኛውን አንድ ደብተራ በጣቱ ያሰላዋል።

እዚህ ላይ ግን ለተማሪዎቻችን ልንሸሽገው የማይገባ ነገር አለ። ዐቢይ ቀመር 6580 የጨረቃ ወሮችን ይይዛል። 194313ን ለእነዚህ ብናካፍል አንዱ ወር 29.53085 ቀን ይሆናል፤ የእውነተኛዋ ጨረቃ አማካይ ወር ግን 29.53059 ቀን ነው። ልዩነቱ በወር 23 ሰከንድ ያህል ቢሆንም በ532 ዓመት ወደ 1.7 ቀን ይደርሳል፤ ከዚህም የተነሣ የሰማዩዋ ጨረቃ የመጽሐፉን ጨረቃ እየቀደመች ሄዳለች። ቍጥሩ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ በዓሉም በተወሰነው ስሌት መዋሉ የሥርዐት ጕዳይ ነው። «ሰማያዊ ነውና አይመረመርም» የሚለውና «የቤተ ክርስቲያን ነገር እንጂ ሒሳብ አይደለም» የሚለው ግን ሁለቱም ይህን የመሰለ ትምህርት ከክፍላችን አርቀውብናል።

ከዚህ ከጉለሌ ሽቅብ ሲወጡ በእንጦጦ ተራራ ላይ በአንድ ወገን አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች፣ በሌላው ወገን እንጦጦ ማርያም አሉ። ተማሪዎች ጨረቃ የሞላችበትን ሌሊት መዝግበው አበቅቴው ከሚሰጠው ቀን ጋር ቢያስተያዩ፣ ቴሌስኮፕ እንኳ ሳያስፈልጋቸው በዐይናቸው ልዩነቱን ያገኙታል። ስሌቱን የሚያስረዳቸው መሪጌታም ከአካባቢው አይታጣም።