የገና ባቡርና ትንንሽ ልጆቻችን

በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «አሥር ደቂቃ አለሽ፤ ብቻ እባክሽ ስለ በሽታ እንዳታወሪ፣ ለሱ ሌላ ሰው አለን» አሉኝ። እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ በሽታውን ከከለከላችሁኝ የሚቀሩኝ ሕፃናቱ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ትንንሽ ልጆችን በገና ባቡር ስለማሳፈር ነው። ጎንደር ባቡር ደርሶባት አያውቅም። እዚያ ሕክምና የተማረች ሰው ስለ ባቡር ስታወራ ከገረማችሁ፣ እኔንም ይገርመኛል።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ ከታንክስጊቪንግ ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 25 ድረስ፣ በየቦታው ያሉ አሮጌ የባቡር መስመሮች ፉርጎዎቻቸውን በመብራት አስጊጠው ልጆችን ያሳፍራሉ። ልጆቹ ፒጃማ ለብሰው ይመጣሉ። አዎ፣ በዚያ ብርድ፣ በፒጃማ! እናቴ መጀመሪያ ስታይ «ምነው፣ ልብስ ጠፍቶ ነው?» ብላለች። ትኩስ ቸኮላት ይታደላል፣ ይዘመራል፣ ቀይ የለበሰው ሳንታ በፉርጎዎቹ መካከል እያለፈ ለልጆቹ ትንሽ ቃጭል ይሰጣል። ፒጃማውም ቃጭሉም የመጡት ክሪስ ቫን ኦልስበርግ እ.ኤ.አ. በ1985 ካሳተመው «ፖላር ኤክስፕረስ» ከተባለ የልጆች መጽሐፍ ነው። አንድ ልጅ በገና ዋዜማ ሌሊት ደጃፉ ላይ በቆመ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ዋልታ ይሄዳል፤ ከስጦታ ሁሉ መርጦ የሚጠይቀው አንድ ቃጭል ነው። በ2004 ደግሞ ፊልም ሆኖ ወጣ።

እኔ የምኖረው ሚሺጋን ነው። እዚያ ኦዎሶ በምትባል ትንሽ ከተማ ፔር ማርኬት 1225 የተባለ የእንፋሎት ባቡር አለ። ቁጥሩን እንደ አሜሪካኖች የቀን አጻጻፍ አንብቡት፤ 12፣ 25፤ ዲሴምበር 25። አጋጣሚ ነው። በ1941 ኦሃዮ ውስጥ ሲሠራ ዕቃ እንዲጎትት እንጂ ለገና ብሎ ያሰበው ሰው የለም። በናፍጣ የሚሄዱት ሲመጡ ሥራ ፈታ። እንደ ጓደኞቹ ተቆራርጦ ከመሸጥ የዳነው በ1957 ለሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስለተሰጠ ነው። ግቢው ውስጥ እንደ ሐውልት ቆሞ ከኖረ በኋላ ተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙና ይጠግኑት ጀመር። ዓመታት ፈጀ፤ ተማሪ እየተመረቀ ሲሄድ ሌላው እየተረከበ፣ በመጨረሻ ተነሣ። ፊልሙ ሲሠራ የባቡሩ ቅርጽም ድምፅም የተወሰደው ከእሱ ነው። ዛሬ በገና ሰሞን ልጆችን ጭኖ ከኦዎሶ አሽሊ ወደምትባል መንደር ይሄዳል።

እኛ እንዲህ ስንሰበሰብ ስለ ሕንፃና ስለ መሣሪያ እናወራለን፤ ይገባል። ግን ልጆቼ ጆሯቸውን ይዘው የሚስቁበትን ያን ፉጨት ያተረፉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ ያልተወለዱ የማንም ልጆች ናቸው የሚደሰቱበት።

አሁን፣ ቢከለክሉኝም፣ ለትንሽ ደቂቃ ሐኪምነቴ ይፈቀድልኝ። በጉዞው ላይ ልጁን የሚጠብቁት ጥቂት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የጉዞው ርዝመት ነው። የአሽሊው ጉዞ እዚያ ወርዶ መጫወትን ጨምሮ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ ግሩም ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ግን አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ፔንሲልቬንያ ያለው የስትራስበርግ ባቡር የተለመደ ደርሶ መልሱ 45 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለትንሹ እንዲህ ያለውን ፈልጉ። ሰዓቱንም ልጁ ከቀን እንቅልፉ ከነቃ በኋላ አድርጉት። ትኬት ቶሎ ስለሚያልቅ ክረምት ሳይወጣ መግዛት ነው።

ወደ ጣቢያው በመኪና ስትሄዱ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ወንበሩ ላይ አይታሰር። በግጭት ጊዜ ካፖርቱ ይጨመቅና ቀበቶው ይላላል። ካፖርቱን አውልቃችሁ እሰሩትና ከላይ ጣል አድርጉለት።

ማቅለሽለሽ የሚበዛው ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባሉት ላይ ነው። ፊቱን ባቡሩ ወደሚሄድበት አዙሮ፣ በመስኮት ራቅ አድርጎ ይመልከት፤ ስልክ አትስጡት። ቀለል ያለ ነገር በልቶ ይሳፈር። መድኃኒት ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትስጡ፤ ያስተኛዋል ያላችሁት መድኃኒት አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቀበጠብጠዋል።

ቸኮላቱ ከሁሉ ያሰጋኛል። 60 ዲግሪ የደረሰ ፈሳሽ የአዋቂን ቆዳ እንኳ በአምስት ሰከንድ ገደማ በደንብ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፣ ባቡሩም ይናጣል። ቀዝቃዛ ወተት ይጨመርበት፣ ክዳን ይኑረው፣ ልጅ ያቀፈ ሰው ኩባያ አይያዝ።

ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻና ጠንካራ ከረሜላ አይሰጥም። ቆሎም አይሰጥም! እናቴ ከአዲስ አበባ በዘንቢል ያመጣችውን ቆሎ ለሦስት ዓመቱ ልጄ አላስቀምስም ስላት «አንቺን በምን ያሳደግሁሽ መሰለሽ?» አለችኝ። ቢሆንም አልሰጠሁትም። ትንሿም ቃጭል ጉሮሮ ውስጥ ትቀረቀራለች፤ ለትንሹ ከአዋቂ ኪስ ሆና ትጩህለት።

ሳንታን አይቶ የሚያለቅስ ልጅም አለ። አንድና ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ጢሙ ፊቱን የሸፈነውን የማያውቀውን ሰው ቢፈራ ጤነኛ ነው። ለፎቶ ብላችሁ ጭኑ ላይ አታስቀምጡት። ከእናቱ ጉያ ሆኖ በሩቁ ይየው፤ በዓመቱ ራሱ ይሄዳል።

እንግዲህ ሕክምናው አበቃ። ወደ ዋናው ልምጣ።

እኛ ቤት ዓውደ ዓመት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናት ከሌሊት ጀምራ ሽንኩርቱ ላይ ናት፣ አባት እንግዳ ይቀበላል፣ ልጁ በእግራችን መካከል ሲሽሎከሎክ «ዞር በል፣ ትቃጠላለህ!» ይባላል። ሐኪም ከሆንን ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ዓውደ ዓመታችን የተረኝነት መዝገብ ላይ ነው ያለው። ኢንተርን ሳለን ጀምሮ የበዓል ዲውቲ ምን እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ባቡር ላይ ግን ወጥ አይማሰልም፣ በር የሚከፈትለት እንግዳ የለም፣ ተነሥቶ የሚኬድበትም የለም። ሁለት እጅ አለኝ፤ አንዱን አንዷ፣ ሌላውን ሌላው ይይዘዋል። ልጆቹ ከመብራቱና ከቸኮላቱ በላይ የሚያስታውሱት ይህንን ይመስለኛል። ከዓመት በኋላ ልጄ ያነሣችብኝ ሳንታን አልነበረም፤ «ላሙን አብረን ቆጥረን ነበር» ነው ያለችኝ። የት እንደተቀመጥንም ታውቃለች።

ነገር ግን ያው ልጅ ስድስት ዓመት ሲሆናት ፉርጎው ውስጥ ዘወር ብላ «እማዬ፣ የእኛ ገና ላይ ባቡር የለም እንዴ?» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ይደርሰዋል። ዲሴምበር 25 አገሩ በሙሉ ያበራል፤ በ13ኛው ቀን የእኛ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ መብራቱ ወርዷል፣ ዛፉ ደጅ ተጥሏል፣ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ለልጅ ዓይን የእኛ ገና ዘግይቶ የመጣ፣ ረጅም ቅዳሴ ያለበት ቀን ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህ ያሳስበኛል። «የኛ ይበልጣል» ብሎ መከራከር ደግሞ ለስድስት ዓመት ልጅ ምንም አይነግራትም።

መልሱን የሰጠችው እናቴ ናት። ጾመ ነቢያት ስለነበር ቸኮላቱን ሳትነካ አጠገባችን ተቀምጣለች። «ማነው ባቡር የለም ያለሽ?» አለቻት። ልጅ ሆና ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የመጣችበትን ባቡር ታወራላት ጀመር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ እናቴ ግን ዓመተ ምሕረት አልጠቀሰችም። ብርቱካኑን፣ አዋሽ ላይ ወርዶ ምሳ መብላቱን፣ ፈታሽ ሲገባ ሴቶቹ ኮንትሮባንዱን በቀሚሳቸው ሸፍነው እንደ ጨዋ ቀጥ ብለው መቀመጣቸውን ነገረቻት። ልጆቹ ሳንታን ረሱት። ፊት ለፊታችን የነበሩት አሜሪካዊ አዛውንት ሳይቀሩ «ምን አለች?» እያሉ አስተረጎሙኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን። ዲሴምበር 25 ዲውቲ የሚገባ ሲጠፋ እኔ እጄን አወጣለሁ፤ በለውጡ ጃንዋሪ 7 የእኔ ነው። የባቡር ጉዞው በዲሴምበር መጀመሪያ ቅዳሜ ስለሚሆን ከሁለቱም አይጋጭም። የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዶሮው ከመቅረቡ በፊት፣ ልጆቹ የሳሎኑን ወንበሮች በተርታ ይደረድራሉ። ትኬት ቆራጯ ልጄ ናት። ስልክ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው። እናቴ ከመጣች ራሷ፣ ካልመጣች በቪዲዮ፣ ጣቢያ ትጠራለች፦ ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ ለገሃር! በየጣቢያው አንድ ሰው የልጅነቱን ገና ያወራል፤ አንዱ ሜዳ ላይ ሩር ስለመምታት፣ ሌላው ስለ አዲስ ልብስ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ዶሮው እስካሁን ቀዝቅዞ አያውቅም።

አዲስ አበባ ያላችሁት ከኛ ትሻላላችሁ፤ ከለቡ የሚነሣ እውነተኛ ባቡር አላችሁ፣ ቀላል ባቡሩም አለ። መብራትና ሳንታ አያስፈልገውም። ልጁን መስኮት ጋ አስቀምጡት፣ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት፣ አያት ካለች አያትን አብራችሁ አሳፍሩ።

ለአዘጋጆቹ አንድ ሐሳብ ልስጥና ልውረድ። በሚቀጥለው መገናኛ ከንግግሮቹ አንዱን፣ ከፈለጋችሁ የእኔን፣ ሰርዙና ሰዓቱን ለልጆቹ ስጡልን። ወንበሩ ይደርደር፣ ልጆቹ ትኬት ይቁረጡ፣ መምህራኖቻችንም ይሳፈሩ። በጥያቄ ያንቀጠቀጡን ፕሮፌሰሮች በተራቸው «ትኬት!» ሲባሉ ማየት እፈልጋለሁ።