የመረጥነው ሰው ምን ተናገረ? እጁንስ ለምን አወጣ?

(በልደታ የዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴያችን ይህን ርዕስ ለዛሬው ጉባዔ ሲመርጥ «ዕድር ለቀብርና ለኀዘን የቆመ ማኅበር ነው፤ ከፓርላማ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቅ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን በፖለቲካም ሆነ በሃይማኖት ወገን እንድንለይ አይፈቅድም፤ ዛሬም አንለይም። ለማንም ፓርቲ ልንሰብክ አልተነሣንም። የተነሣነው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፤ ይኸውም በስማችን አራት ኪሎ የሚቀመጠው ሰው ሥራው በምን ይታወቃል? ሠፈር መጥቶ በተናገረው ነው ወይስ በምክር ቤቱ እጁን ባወጣበት?

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር አያስቸግርም። ጡሩምባ ይነፋል፤ የሰማ ይመጣል። ከቀብር በኋላ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ በስም ይጠራል፤ «አለሁ» ያለ አለ፣ ያልተገኘ ይቀጣል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ያማረ የማጽናኛ ንግግር ያደረገ ሰው እንኳ በስም ጥሪው ካልተገኘ ቅጣቱ አይቀርለትም። ንግግሩ ለብቻው ነው፣ መዝገቡም ለብቻው ነው። ዕድራችን እስከ ዛሬ የቆየውም በመዝገቡ እንጂ በንግግር አይደለም።

በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትስ? ዛሬ በምናነሣቸው ዓመታት የነበረው አሠራር ይህን ይመስል ነበር። ረቂቅ አዋጅ ይቀርባል፤ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ተመልሶ ሲመጣ ውይይት ይደረግበታል። ከዚያ አፈ ጉባዔው የሚደግፉ፣ የሚቃወሙና ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርጉ እጃቸውን እንዲያወጡ ይጠይቃል። እጅ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ይነገራል። በማታው ዜና «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ወይም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይባላል። ስም ግን አይጠራም። ንግግሩን በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ የተናጋሪውንም መልክ እናውቀዋለን። እጁ ግን በብዙ መቶ እጆች መካከል ጠፍቶ ይቀራል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የተደረገው ነው። ቀኑ የዓድዋ በዓል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ተከትሎ የካቲት 9 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ በሚሆንበት ጊዜ እንዲህ ያለው አዋጅ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ይደነግጋል። እጅ ተቆጠረ። በመጀመሪያ የተነገረው 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ ነው። ከ547 ወንበር ሁለት ሦስተኛው 365 ነው፤ ስምንት ወንበር ተጓድሎ 539 ቢባል እንኳ 360 ይሆናል። 346 ታዲያ ከየትኛውም አይደርስም። ብዙም ሳይቆይ ቁጥሩ ስሕተት ነበር፣ ድጋፉ 395 ነው ተብሎ ተስተካከለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 49 እጅ ነው።

የቱ ቁጥር ልክ እንደ ነበረ ለመፍረድ አልተቀመጥንም። ነገር ግን ገንዘብ ያዣችን የመዋጮ ሒሳብ ሲያቀርብ 49 ሰው ቢጎድልበት ወይም ቢተርፍበት ምን እናደርጋለን? መዝገቡን አውጥተን ስም በስም እንቆጥራለን እንጂ አንጨቃጨቅም። በዚያ ቀን የሚገለጥ የስም መዝገብ አልነበረም። በእጅ የተሰጠ ድምፅ እጁ ከወረደ በኋላ ተመልሶ አይቆጠርም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በ2007ቱ ምርጫ ምክር ቤቱን በሙሉ የያዙት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ነበሩ፤ የተቃዋሚ ወንበር አንድም አልነበረም። እንግዲህ እነዚያ 88 እጆች የወጡት ከራሱ ከገዥው ወገን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከፓርቲ ውሳኔ ወጥቶ እጅ ማውጣት ቀላል አልነበረም፤ በኢሕአዴግ ቤት በላይ የተወሰነውን የበታች አባል የሚፈጽምበት ማዕከላዊነት ጥብቅ ነበር። ሰማንያ ስምንት ሰው ያን አልፎ ተነሣ። ታዲያ እነማን ናቸው? ከአዲስ አበባ 23 ወንበሮች ስንቱ ነበረበት? በዚያ ቀን ለኅሊናው የቆመውን የሚያመሰግነው፣ አዋጁ ያስፈልጋል ብሎ የደገፈውንም ምክንያቱን የሚጠይቀው የሠፈር ሰው በስም የሚያገኘው አልነበረም። አልፎ አልፎ ይወራ ነበር፤ ወሬ ግን መዝገብ አይሆንም። ከዚያም ወዲህ ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ16 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተአቅቦ ሲጸድቅ የተነገረን እንደ ቀድሞው ቁጥር ነው።

አሁን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ እንመልከት። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ ወንበሮች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሲወስዱ፣ አንዱን በግል የተወዳደሩት ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ፣ አንዱን ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ። የተቃዋሚ ፓርቲ ወንበር እንግዲህ አንድ ብቻ ሆነ። ብዙ ሰው «አንድ ሰው ምን ይሠራል?» ይል ነበር። በድምፅ ብልጫ ምንም እንደማይሠራ ግልጽ ነው። ነገር ግን ዜናው «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ባለ ጊዜ ያ አንድ እጅ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። የተናገሩትንና የሰጡትን ድምፅ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻል ነበር። በአመለካከታቸው የሚስማማ ይስማማ፣ የማይስማማ አይስማማ፣ ሥራቸው ግን ታይቷል። ነገሩ ሲታሰብ ያስቃልም ያሳዝናልም፤ በዚያ ምክር ቤት የተወካይ ድምፅ በስም የሚታወቀው ብቸኛ ሲሆን ብቻ ነበር። ሁለት ቢሆኑ ይጠረጠራሉ፤ 88 ቢሆኑ ይጠፋሉ።

ባዶ ወንበርም እንደ ድምፅ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ 23ቱንም ወንበሮች ለቅንጅት ሰጠ። በምርጫው ውጤት ላይ በተነሣው ውዝግብ ከተመረጡት ብዙዎቹ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ምክር ቤት አልገቡም፤ የገቡም ነበሩ። የማሟያ ምርጫ የተደረገው በ2000 ዓ.ም. ነው። መግባት ይሻል ነበር ወይስ አለመግባት የሚለው ክርክር በየቡና ቤቱ ዓመታት ፈጅቷል፤ እኛ አናነሣውም። ነገር ግን ባዶ በቀሩት ወንበሮች የመረጠው ሠፈር በእነዚያ ዓመታት በወጡት አዋጆች ላይ በስሙ የወጣ እጅ አልነበረውም። ይህም በመዝገብ ቢጻፍ ጥሩ ነበር።

«ይህ ሁሉ ለልደታ ምኗ ነው?» ለምትሉን ወደ ቤታችን እንመለስ።

አብዛኞቻችን ያደግንበትን የቀበሌ ቤት የፈጠረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ያን ጊዜ እጅ ያወጣ ተወካይ አልነበረም፤ የቀድሞው ፓርላማ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተዘግቶ ነበርና ደርግ በአዋጅ ወሰነ። ቤት የተወረሰበት አዘነ፣ ኪራይ የቀለለለት ተደሰተ፤ የሚጠየቅ ተወካይ ግን አልነበረም። ከዚያም በፊት ቢሆን ነገሩ የተለየ አይምሰላችሁ። በንጉሡ ዘመን ሕዝቡ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ይመርጥ ነበር፤ ፓርቲ አልነበረም። የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚመለከተው ረቂቅ ሕግ ግን ፓርላማው እስኪዘጋ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። ሕግን ሳይቃወሙት ማስቀመጥም ይቻላል ለካ።

የቀበሌውን ቤት ለማፍረስ መንገዱን የጠረገው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። ይህኛው በምክር ቤት አልፏል፤ የወጣውም ሐምሌ 1997 ዓ.ም. ማለትም አዲስ ምርጫ ተደርጎ አዲሶቹ አባላት ገና ሳይገቡ ነው። በአዋጁ መሠረት ካሣ የሚከፈለው መሬት ላይ ላለው ንብረት ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ የቤት ካሣ የሚጠይቅበት መብት አልነበረውም። በካሣው ቅር ያለው ሰው ይግባኝ ማለት ቢችልም፣ መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ካላያያዘ ይግባኙ አይታይለትም። አስረክብና ከዚያ ተከራከር ማለት ነው።

የዚህ ሠፈር ሰው የቀረውን ያውቀዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የልደታ አሮጌ መንደሮች ፈረሱ፤ በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ቆመ። ከአባሎቻችን ዕጣ የደረሳቸውና ቅድሚያ ክፍያውን ማሟላት የቻሉ እዚሁ ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ ጀሞና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ሄዱ። ድንኳኑና ወንበሩ የሚቀመጥበት ቤት አብሮ ፈረሰ። ጡሩምባው ጀሞ ድረስ አይሰማም። ስንት አሮጊት እናት ለቅሶ በስልክ ተነግሯት፣ ሁለትና ሦስት ታክሲ ተሳፍራ፣ ቀብሩ አልፎ ደርሳለች! ከእነዚህ ላይ የመቅሪያ ቅጣት መሰብሰብ አለብን ወይስ የለብንም እያልን በዚሁ ጉባዔ ስንት ጊዜ ተከራክረናል!

ከዚያም አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወጣና የ455ን ቦታ ተካ። በዚህ አዲስ አዋጅ ውስጥ የተጻፈ አንድ ነገር በተለይ እንድታስተውሉት እንፈልጋለን። ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ስለ ሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሣ ይላል። ማኅበራዊ ትስስር ማለት በእኛ ቋንቋ ምንድን ነው? ዕድሩ ነው፣ ማኅበሩ ነው፣ ቡና አብሮ መጠጣቱ ነው፣ ልጅ ለጎረቤት ትቶ ገበያ መውጣቱ ነው። የፊተኛው ሕግ ይህን ከቁጥር አላስገባውም፤ ከ14 ዓመት በኋላ የመጣው ሕግ አስገባው። የእኛ ሰው ግን ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ታዲያ ያ አንቀጽ እንዲገባ በኮሚቴ ውስጥ የተከራከረው ማን ነው? በ1997ቱስ «ጎረቤትስ?» ብሎ የጠየቀ ነበር ወይ? ከእኛ ሠፈር ይህን በስም የሚነግረን ሰው ፈልገን አላገኘንም። ላመሰግን ቢል እንኳ ማንን ያመሰግናል?

በሌላ አገር እንዴት ያደርጉታል ብሎ መጠየቅ አይከፋም። በእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት በዋና ዋና ጉዳዮች ድምፅ ሲሰጥ የሚደግፉት በአንድ በኩል፣ የሚቃወሙት በሌላ በኩል ያልፋሉ፤ ስማቸው ይመዘገባል፤ ዝርዝሩም ከ1836 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በይፋ እየታተመ ይወጣል። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ደግሞ ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ከጠየቁ የእያንዳንዱ ድምፅ በስም በቃለ ጉባዔ ይጻፋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ፤ ፈረንጅ በምክር ቤት የሚያደርገውን እኛ በመካነ መቃብር እናደርገዋለን።

«የፓርቲ ሰው ፓርቲው ያለውን ነው የሚያደርገው፤ ስሙ ቢጻፍ ምን ይለወጣል?» የሚሉ አባላት አሉ። ሌሎችም ስም ሲወጣ አባሉ ከአለቆቹ በቀል ይፈራል፤ በቁጥር መደበቁ ይሻለዋል ይላሉ። ሁለተኛው ክርክር ክብደት አለው፤ እነዚያ 88 ሰዎች ስማቸው በአደባባይ የሚጠራ ቢሆን ኖሮ 88 ይሆኑ ነበር ወይ ብለን ራሳችንም ተጠራጥረናል። ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ተወካዩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዥ ነው ይላል፤ በምክር ቤት በሰጠው ድምፅም ሆነ አስተያየት እንደማይከሰስ ይደነግጋል። በዚያው አንቀጽ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ በሕግ መሠረት ለማንሣት ይችላል ይላል። እንግዲህ እጁን የት እንዳወጣ ሳናውቅ አመኔታችንን በምን እናጣለን፣ በምንስ እንጨምራለን? አለቆቹ እንደሆኑ በአዳራሹ ውስጥ አብረውት ተቀምጠው ያዩታል። የማያየው የመረጠው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ለጉባዔው ያቀርባል። ምክር ቤቱ እስከ ሰኔ 30 ሠርቶ ለዕረፍት ሲዘጋ ተወካዮች ወደ መራጮቻቸው መምጣታቸው የተለመደ ነው። ስብሰባ ሲጠራ እንሂድ። ስለ መብራትና ስለ ውሃ መጠየቃችንን አንተው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በዓመቱ የወጡትን አዋጆች ስም እየጠራን በእያንዳንዱ ላይ ተወካዩ ደገፈ፣ ተቃወመ፣ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ ወይስ አልተገኘም ብለን እንጠይቅ። ስድብና ጩኸት አያስፈልግም፤ ለሽማግሌ በሚገባ ቋንቋ ይጠየቅ። የሚመልሰውን ጸሐፊያችን በፊቱ ይጻፍ፤ አልመልስም ካለም እንዳለ ይጻፍ።

ለዚሁ የሚሆን አንድ ባለ 200 ገጽ ደብተር ተገዝቷል። ዋጋው በዚህ ዓመት የሒሳብ ሪፖርት በጽሕፈት መሣሪያ ወጪ ሥር ተይዟል። ደብተሩ ከቀብር መዝገቡ ጋር በጸሐፊው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንኛውም አባል ወር በገባ በመዋጮ መክፈያው እሑድ መጥቶ ማንበብ ይችላል። ጀሞ ያሉ አባሎቻችን በስልክ ቢጠይቁ ይነበብላቸዋል።