በአውራ ጎዳና ዳር ያለ መናፈሻ እንዴት ይጠገናል?



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሚጓዝ ሰው ከሚሴ በ325ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ትገኛለች። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ናት፤ አውራ ጎዳናው ግን ማዕረጓን ሳይጠይቅ መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። የሰንበቴም ዕጣ ይኸው ነው። ከኮምቦልቻ የጫነ ከባድ መኪና፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ በበጋ ወደ ጨፋ ሣር የሚነዳ ከብት፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ይጋፋል። ከአስፋልቱ ዳር ያለች ጥቂት አረንጓዴ ቦታ በዚያ ሙቀት ለመንገደኛው ማረፊያ፣ ለሽማግሌው መቀመጫ፣ ለሕፃኑ መሮጫ ናት።

እንዲህ ያለው ቦታ በግድየለሽ ሾፌር ሲጎዳ የምንከተለው አሠራር የታወቀ ነው። የወደቀው አጥር ይቃናል፤ በክረምት ችግኝ ይተከላል፤ ቀጥሎም ሌላ መኪና ይገባበታል። ጥገናውን ለአትክልተኛው ብቻ መተዋችንን በበኩሌ አልደግፍም። መኪና ሁለት ጊዜ የገባበት መናፈሻ፣ የመንገድ ፕላኑ መመርመር ያለበት መናፈሻ ነው።

አስቀድመን አፈሩን እንመልከት። በቦርከና ሸለቆ የሚበዛው ጥቁር አፈር ርጥብ ሳለ ጎማ ከረገጠው፣ አየርና ውሃ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ላዩ ደልዳላ ይመስላል፤ የተከልነው ዋንዛ ግን ሥሩ ታፍኖ በመጀመሪያው በጋ ይደርቃል። ያን ጊዜ «የሚያጠጣው ጠፋ» እየተባለ ዘበኛው ይወቀሳል። መድኃኒቱ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቆፍሮ ማላላት፣ ብስባሽና ፍግ መቀላቀል፣ የውሃ መውረጃ ማበጀት ነው። ጭቃውን መቆፈር ጉዳቱን ያብሳል።

ከዚያ መከላከያው ይመጣል። 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ከርብስቶን ውሃን ይመራል እንጂ ከባድ መኪና አያቆምም። 10 ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚይዘው ጉልበት፣ በ30 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከሚይዘው 2.8 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ግንብ ከማወፈር ይልቅ በከተማው መግቢያ መንገዱን ማጥበብና የእግረኛ ማቋረጫውን ከፍ ማድረግ ይረክሳል። ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ማለቱ ያለ ነገር አይደለም፤ ስም ማውጣት ግን ፍጥነት አይቀንስም። ችግሩ መናፈሻው የማዘጋጃ ቤቱ፣ አውራ ጎዳናው ደግሞ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር መሆኑ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ፕላን ላይ ካልተስማሙ ሥራው አይጀመርም።

በመናፈሻው ዙሪያ ቋጥኝ መደርደርንም እቃወማለሁ። ሣሩን ያድን ይሆናል፤ ፍሬን እምቢ ያለውን ሾፌርና ተሳፋሪዎቹን ግን ይገድላል። በአስፋልቱ በኩል ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ቀስ እያለ ከፍ የሚል የአፈር ክምር፣ ትልልቁ ዛፍና ወንበሩ ከዚያ በስተጀርባ ይሁን። በመታጠፊያው ውጨኛ ጎን የልጆች መጫወቻ ፈጽሞ አይቀመጥ።

ወጪውስ ከየት ይምጣ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፣ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ካሳ የሚጠይቅ ወገን የጉዳቱን ልክ ማስረዳት አለበት። የ20 ዓመት ዋንዛ ዋጋው ስንት ነው? መዝገብ የሌለው ማዘጋጃ ቤት የሚያስረዳው የአንዲት ችግኝ ዋጋ ብቻ ነው፤ የ20 ዓመቱ ጥላ በከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ ማኅበራችን በዞኑ ላሉ ከተሞች አንድ የመናፈሻ ንብረት መመዝገቢያ ቅጽ እንዲያዘጋጅ አሳስባለሁ። የእያንዳንዱ ዛፍ ዕድሜና ውፍረት፣ የወንበሩና የመብራቱ መተኪያ ዋጋ፣ በፕላን ላይ ያለው ቦታ ይጻፍበት፤ አንድ ቅጂም በትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ይቀመጥ። ቅጹ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቴክኒሻን የሚሞላው በከሚሴ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነውና።