የሆድ ግድግዳና የእንፋሎት ግፊት



መሐንዲስ ስለ ቡአ ሊናገር መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም የሆድ ግድግዳ (ሐኪሞቹ ይቅር ይበሉኝና) ከውስጥ ግፊት የተሸከመ ስስ ዕቃ ነው። በሳሳበት በኩል ሲከፈት አንጀት ይወጣል፤ በቀዳዳው ከታነቀ ደግሞ ሕይወት የሚቆጠረው በሰዓታት ነው። ከደሴ በስተምዕራብ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው አገር፣ ሸክም ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀድሞው ጥገና የቀዳዳውን ጠርዞች ስቦ በክር ማጋጠም ነበር። ውጥረቱ ያረፈበት ስፌት ግን በጊዜ ብዛት ይላላል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ፍራንሲስ አሸር በ1950ዎቹ መጨረሻ የፕላስቲክ መረብ አስገባ፤ ሊክተንስታይንና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1989 ያለ ውጥረት መረቡን እንደ እራፊ ማልበስን አስተዋወቁ። ሥጋው በመረቡ ዓይኖች መካከል ያድጋል፤ ጭነቱም በሰፊው ይከፋፈላል።

ችግሩ ዋጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ በኡጋንዳ የብሽሽት ቡአ የነበረባቸው 302 ወንዶች ግማሾቹ በፋብሪካ መረብ፣ ግማሾቹ በአጎበር ጨርቅ ታከሙ። የመጀመሪያው 125 ዶላር፣ ሁለተኛው 1 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። በዓመቱ ቡአው የተመለሰበት ከአጎበሩ ወገን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከሌላው ወገን ማንም አልነበረም። ይሁን እንጂ ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የታከመ ስለሆነ ለዚህ ተግባር ፈጽሞ አይሆንም።

አሁን ወደ እኛ ሥራ ልምጣ። ይህ የፖሊኢትሊን ጨርቅ የሚጸዳው በ121 ዲግሪ እንፋሎት ነው። ሙቀቱ ቢያንስ ጀርሙ አይሞትም፤ በጣም ቢያልፍ ክሩ ይለሰልሳል፣ ይኮማተራልም። መካነ ሰላም ግን በ2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት 0.74 ባር ያህል ነው፤ ውሃም በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የአውቶክሌቭ ግፊት መለኪያ የሚያሳየው በአካባቢው አየር ላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። በመሆኑም በባሕር ወለል ላይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው 1.05 ባር እዚያ 117 ያህል ብቻ ይሰጣል። ጉድለቱን ለመሙላት መርፌው 1.3 ባር አካባቢ መድረስ አለበት፤ ይህም ጋኑ ይህን ግፊት እንዲችል ተሠርቶ፣ የደኅንነት ቫልቩም በዚያው ልክ ተስተካክሎ ሲገኝ ነው።

እንግዲህ ለጥገና ወደ ደጋ ሆስፒታል የምትወጡ ባልደረቦቼ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ለየትኛው ከፍታ እንደተሰላ ጠይቁ። መልስ ከታጣም ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሂዱ።