የምርኩዝ ርዝመትና የዘላዩ ስልት
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በ1972 ሙኒክ ላይ በተካሄደው የኦሊምፒክ ጨዋታ የምርኩዝ ዝላይ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ቦብ ሲግረን በዚያው ዓመት በአዲስ ዓይነት የፋይበር ግላስ ምርኩዝ 5.63 ሜትር ዘልሎ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ግን ምርኩዙ ከውድድሩ 12 ወራት አስቀድሞ ለሁሉም ተወዳዳሪ አልቀረበም በማለት በመጀመሪያ ከለከለው፤ ቀጥሎም ፈቀደው፤ በውድድሩ ዋዜማ ደግሞ መልሶ ከለከለው። ሲግረን ባልለመደው ምርኩዝ 5.40 ሜትር ዘልሎ ሁለተኛ ሲሆን የምሥራቅ ጀርመኑ ቮልፍጋንግ ኖርድቪግ 5.50 ሜትር ዘልሎ አሸነፈ። ከ1896 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ በሚደረገው ኦሊምፒክ አሜሪካውያን ሳይነጠቁ ያቆዩት ድልም በዚያን ዕለት ተቋረጠ። ሲግረን ውድድሩን እንደ ጨረሰ የተሰጠውን ምርኩዝ ይዞ ሄዶ ለፌዴሬሽኑ ባለሥልጣን አስረከበው።

ይህ ታሪክ ለመሐንዲስ አንድ ጥያቄ ትቶለት ያልፋል። የተዘለለው ከፍታ የማን ነው? የሰውየው ነው ወይስ የመሣሪያው? ጥያቄው በስሜት ሳይሆን በስሌት ሊመረመር የሚችል በመሆኑ ደረጃ በደረጃ መመልከቱ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ የምርኩዙን ታሪክ በአጭሩ እናስታውስ። አሜሪካዊው ኮርኔሊየስ ዋርመርዳም በ1942 በቀርከሃ ምርኩዝ 4.77 ሜትር ዘለለ። ከእርሱ በኋላ የመጡት በብረት ምርኩዝ ይዘልሉ የነበሩ ሰዎች ይህን ውጤት በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ለማሻሻል 15 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በ1961 ጆርጅ ዴቪስ በፋይበር ግላስ ምርኩዝ 4.83 ሜትር ሲዘልል አዲስ ዘመን ተከፈተ፤ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶም ጆን ፔኔል 5.20 ሜትር ደረሰ። በ15 ዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር፣ በሁለት ዓመት ደግሞ 37 ሳንቲ ሜትር! ይህን ያየ ሰው ምርኩዙ እንደ ወንጭፍ ሰውን ያስፈነጥራል ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ምርኩዝ ከራሱ የሚያመነጨው ጉልበት የለውም። የሚመልሰው የተሰጠውን ነው፤ ያውም ጥቂት ቀንሶ።

ታዲያ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ዋናው ምንጭ ሩጫው ነው። ከታወቁት ዘላዮች የላቁት በመነሻቸው ላይ በሰከንድ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት አላቸው። ይህ የእንቅስቃሴ ጉልበት በሙሉ ወደ ከፍታ ቢለወጥ፣ የፍጥነቱ ካሬ ለመሬት ስበት እጥፍ ሲካፈል 5.10 ሜትር ይሆናል። የሰውየው የክብደት ማዕከል አስቀድሞ ከመሬት 1.10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ድምሩ 6.20 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ፍጥነቱ በሰከንድ 9.5 ሜትር ቢሆን ግን የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 4.60 ይወርዳል። እንግዲህ በሰከንድ የግማሽ ሜትር ፍጥነት መጉደል በከፍታ ላይ የግማሽ ሜትር ጉድለት ያስከትላል ማለት ነው። በእርግጥ በመነሻው ላይ የሚባክን ጉልበት አለ፤ በአንጻሩም ዘላዩ በአየር ላይ ሳለ በትከሻውና በክንዱ የሚጨምረው ሥራ አለ። ስለዚህ ስሌቱ ጣሪያ ሳይሆን መለኪያ ነው።

ምርኩዙ ጉልበት የማይጨምር ከሆነ የፋይበር ግላስ ጥቅሙ ምንድን ነው? መልሱ ያለው በአጨባበጡ ከፍታ ላይ ነው። ዘላዩ ምርኩዙን ከሳጥኑ ላይ ሲተክል ሰውና ምርኩዝ በአንድነት እንደ ተገለበጠ ፔንዱለም ወደ ላይ ይሽከረከራሉ። የሽከርክሪቱ እምቢታ ከጨበጠበት ርዝመት ካሬ ጋር ያድጋል። አንድ ዘላይ ጭብጡን ከ5.00 ወደ 5.20 ሜትር ከፍ ቢያደርግ ርዝመቱ በ4 በመቶ ሲጨምር እምቢታው በ8 በመቶ ያህል ይጨምራል። ግትር በሆነ የቀርከሃ ወይም የብረት ምርኩዝ ይህን ዕዳ የሚከፍለው ሯጩ ብቻ ስለ ነበረ ከፍ አድርጎ ለመጨበጥ አልተቻለም። ተጣጣፊው ምርኩዝ ግን ሲጎብጥ ከጫፍ እስከ ጭብጥ ያለው ቀጥታ ርቀት እስከ 30 በመቶ ገደማ ያጥራል። በዚህም ምክንያት በመጀመሪያው አስቸጋሪ ጊዜ እንደ አጭር ምርኩዝ በቀላሉ ይሽከረከራል፤ በመጨረሻው ጊዜ ደግሞ ተቃንቶ እንደ ረጅም ምርኩዝ ዘላዩን ከላይ ያደርሰዋል። ከዚህም በላይ በመትከሉ ጊዜ የሚደርሰውን ድንገተኛ ግጭት ያለዝበዋል።

እዚህ ላይ ማንም ሰው፣ ርዝመት ይህን ያህል ከጠቀመ ስድስት ሜትር የሚረዝም ምርኩዝ ስለ ምን አይያዝም ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የውድድሩ ደንብ አይከለክልም፤ ምርኩዝ ከማናቸውም ነገር ሊሠራ፣ ማናቸውም ርዝመትና ውፍረት ሊኖረው ይችላል። የሚከለክለው ራሱ የመካኒክስ ሕግ ነው። ከፍጥነቱ በላይ ርዝመት የጨበጠ ዘላይ ምርኩዙ ቀጥ ብሎ ሳይቆም ጉልበቱ ያልቅበትና ወደ መንደርደሪያው ተመልሶ ይወድቃል። የሚያርፍበት ፍራሽ ደግሞ በዚያ በኩል የለም። የላቁት ወንዶች በ5.20 ሜትር አካባቢ ባለ ምርኩዝ ሲወሰኑ ሴቶቹ በአብዛኛው ከ4.30 እስከ 4.60 ሜትር ያለውን የሚይዙት ከዚህ የተነሣ ነው። በሰከንድ 8.4 ሜትር ለሚሮጥ ሰው ቀደም ሲል የታየው ስሌት የሚሰጠው 3.60 ሜትር ብቻ ነውና።

ርዝመትን ከግትርነት ለይቶ ማየትም አይቻልም። አምራቾች ምርኩዙን በሁለቱ ጫፎቹ አስደግፈው ከመካከሉ 22.7 ኪሎ ግራም ክብደት ያንጠለጥሉና ስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ጎበጠ ይለካሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምርኩዙ ግትር ነው። ስለ ምሰሶ መጉበጥ የተማረ መሐንዲስ እንደሚያውቀው ምሰሶ የሚሸከመው ኃይል ከርዝመቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። አንዱን ምርኩዝ ከ5.00 ይልቅ በ4.90 ሜትር ላይ የጨበጠ ሰው በ4 በመቶ የጠነከረ ምርኩዝ እንደ ያዘ ይቆጠራል። ዘላዩ በውድድር መካከል ጭብጡን በጥቂት ጣት ዝቅ ወይም ከፍ ሲያደርግ የሚሠራው ስሌት ይኸው ነው። ስሌቱ ሲሳሳት ዋጋው ከባድ ነው። የኩባው ላዛሮ ቦርጄስ በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 5.90 ሜትር ዘልሎ የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ ማጣሪያ ግን ምርኩዙ ተሰባብሮበታል። ዘላይ ወደ ላይ የሚወጣው ሕይወቱን በአንድ ዘንግ ላይ አንጠልጥሎ መሆኑን የሚያስታውስ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስልት ነው። ሰርጌይ ቡብካ በ1985 ፓሪስ ላይ 6.00 ሜትርን ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ዘለለ፤ በ1994ም ሴስትሪዬሬ ላይ 6.14 ደረሰ። እርሱና አሠልጣኙ ቪታሊ ፔትሮቭ ያስፋፉት አስተሳሰብ የተለመደውን ይቃረን ነበር። ብዙዎች ምርኩዙን አስቀድሞ ለማጉበጥ ሲታገሉ እነርሱ ግን ዘላዩ ምርኩዙ ከሳጥኑ ተደግፎ መጉበጥ ከመጀመሩ በፊት እግሩን ከመሬት እንዲያነሣ፣ ክንዶቹንም ወደ ላይ ፈጽሞ እንዲዘረጋ አስተማሩ። መሬትን ገና ረግጦ ምርኩዝ የሚያጎብጥ ሰው ፍጥነቱን ራሱ ያግደዋል። እጁን ዘርግቶ የተነሣ ግን ምርኩዙ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ስለሚሰፋለት ግትርና ረጅም ምርኩዝ ለማንቀሳቀስ ይችላል። ቀጥሎም ገላውን እንደ ጅራፍ ወንጭፎ እግሮቹን ወደ ላይ በመገልበጥ ምርኩዙ ሲቃና አብሮት ይወጣል። 5.10 ሜትር ላይ የጨበጠ ሰው የሳጥኑ ጥልቀት 20 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስለት እጁ ከመሬት 4.90 ላይ ይገኛል። 6.14 ለመዝለል ታዲያ ከእጁ በላይ ሌላ 1.24 ሜትር ያስፈልገዋል። ይህን ትርፍ የሚሰጠው ስልት ነው።

የስዊድኑ አርማንድ ዱፕላንቲስ በ2025 ቶኪዮ ላይ 6.30 ሜትር ሲዘልል የያዘው ምርኩዝ ከቡብካ ዘመን ምርኩዝ በርዝመት እምብዛም የራቀ አልነበረም። የራቀው በሩጫው ነበር፤ በመነሻው በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ ይፈጥናል፤ ያንንም ፍጥነት ሳያባክን ወደ ላይ ይለውጠዋል።

እንግዲህ ወደ ሙኒኩ ጥያቄ ስንመለስ መልሱ ሁለት ገጽ አለው። ምርኩዝ ከፍታን አይፈጥርም፤ ነገር ግን የሰውየው ጉልበት ሳይባክን የሚያልፍበትን መንገድ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ስለዚህ የሲግረን ቅሬታ ከንቱ አልነበረም፤ የተወሰደበት ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሩጫውን፣ ጭብጡንና መነሻውን ያስማማበት ልክ ነበርና። ዕቃው ለሁሉም እኩል ይቅረብ ያሉትም ፍርዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጥፋታቸው ከልክሎ፣ ፈቅዶ፣ መልሶ በዋዜማው መከልከላቸው ነው።

ለሙያ ባልደረቦችም ትምህርቱ ከዚሁ ይገኛል። አዲስ መሣሪያ በገባበት ሥራ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው መሣሪያው ምን ያህል ረጅም ወይም ብርቱ ነው የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። የሚይዘው ሰው በምን ፍጥነት ይደርሳል? በምንስ ስልት ይተክለዋል? ደንቡስ ከመቼ ጀምሮ ታውቆለታል? እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ የቀረበ ረጅም ምርኩዝ ባለቤቱን ወደ ኋላ ይጥለዋል።