ዋና በአርባ ዓመትም ይጀመራል

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሁልጊዜ ስለ ቁጠባና ስለ ብድር ነው የማወራችሁ። ዛሬ ግን ስለ ዋና ነው። “ዋና የልጆችና የሀብታም ነገር ነው” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችን ጉልበቷን ወይም ወገቧን የማያማት ማን ናት? ግማሾቻችን ከምጣድ ፊት ቆመን፣ ግማሾቻችን ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የምንውለው። ሐኪም “ስፖርት ሥሪ” ሲለን ጉልበታችን ሩጫውን አይችልም።

ውሃ ግን ሰውነትን ይሸከማል። እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ የቆመች ሴት እግሯ ላይ የሚያርፈው ከክብደቷ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። እስከ ደረቷ ስትገባ ደግሞ ከዚያም ይቀንስላታል።

ታዲያ ለምን እንፈራለን? ብዙዎቻችን ባደግንበት ሰፈር ወንዶቹ ወንዝ ወርደው ሲንቦጫረቁ፣ እኛ ጀሪካናችንን ሞልተን እንመለስ ነበር። ፍርሃቱ ከተፈጥሯችን ሳይሆን ካስተዳደጋችን የመጣ ነው። ሶደሬ ለሽርሽር ስንሄድም ገንዳው ዳር ተቀምጠን የልጆቹን ልብስ እንጠብቃለን። አንዱ ልጅ ቢሰምጥ ግን ከጩኸት ሌላ ምን በእጃችን አለ?

አጀማመሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እስከ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቁሙና የገንዳውን ጠርዝ ያዙ። በአፋችሁ አየር ስባችሁ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ ትንፋሹን በአፍና በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ይህን ሳትለምዱ ወደ ሌላ አትለፉ፤ ጀማሪን የሚያደክማት ትንፋሽን አምቆ መያዝ ነውና። ቀጥሎ አሠልጣኟ ደግፋችሁ በጀርባችሁ መንሳፈፍ፣ ከዚያ ጠርዙን ይዞ እግርን ከዳሌ ጀምሮ ማወናጨፍ፣ በመጨረሻ የእጅ ቀዘፋ ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለ3 ቀን ስናካፍለው 50 ደቂቃ ይደርሰናል። ጀማሪ ግን በ20 ደቂቃ ትጀምር፤ በየመሀሉም ትረፍ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ትንፋሽ ቶሎ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ።

ጥንቃቄም አለ። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጆሮ ሕመም ያለባት፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ብቻዋን የምትገባ አትኑር። እንደ ጣናና ዝዋይ ባሉ ሐይቆች ቢልሃርዚያ ስላለ ልምምዳችን በንጹሕ ገንዳ ይሁን። ዋና ጀመርን ብላችሁም የሰመጠ ለማውጣት ዘላችሁ አትግቡ፤ ለእርዳታ ተጣሩ፣ ከዳር ሆናችሁ ነጠላችሁን ወርውሩለት። ለፀጉራችሁ የምትሳሱም ሳትገቡ በንጹሕ ውሃ አርጥቡት፣ ኮፍያ አድርጉ፣ ስትወጡ ደግሞ ታጠቡ። ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስም አለ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የገንዳና የአሠልጣኝ ክፍያ ለአንዲት ሴት ይከብዳል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባል የለ? 20 ሆነን ከተመዘገብን የአንዲት አሠልጣኝ ክፍያ ለ20 ይካፈላል። ሰው በማይበዛበት የሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ለሴቶች ብቻ እንዲለቀቅልን የገንዳውን ኃላፊ በማኅበራችን ስም መጠየቅ እንችላለን።

ለዚህ ከብድር ገንዘባችን አንዲት ሳንቲም አትነካም። መዋጮው የራሱ ደረሰኝና የራሱ መዝገብ ይኖረዋል፤ ደጋፊዎቻችንም በፈለጋችሁ ጊዜ ታዩታላችሁ።

መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ውሃ የምትፈሩ ቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ ትምህርቱ የታሰበው በተለይ ለእናንተ ነው።